ጁማና ምን ትሁን?

የጁማና ውጤት የመጣ ሰሞን ሞጣ ውስጥ ሥራ ያልመረጠላት ሰው ቢፈለግ አይገኝም ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናው አልሆነላትም። አልሆነላትም፣ በቃ! አብረዋት ከተፈተኑት የሆነላቸውም ጥቂት ናቸው። ሰው ግን ዝም አይልም። መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ «አይዞሽ» ይልና ትንፋሹን ሳይሰበስብ «ነርስ ሁኚ»፣ «ሹራብ ሥሪ»፣ «ዱባይ ሂጂ፣ ምን አለበት?» ይላታል። የራሱን ልጅ ሥራ ማስያዝ ያቃተው ጎረቤት እንኳ ለሷ ምክር አያጣም። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ «እሺ» ትላለች። እሺ ማለት የለመደች ልጅ ናት፤ ኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ የመጣውም ከዚሁ ነው።

አባቷ ይማም ልብስ ሰፊ ነው። ከገበያው ከፍ ብሎ ባለው የሰፊዎች በረንዳ ላይ፣ ከዳር በኩል፣ ሁለት የስፌት መኪና አለው፤ አንዱ የራሱ፣ አንዱ ከአባቱ የወረሰው። በአባቱ መኪና ላይ ሰው ከተቀመጠ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ይማም ጠዋት ጠዋት አቧራውን ይጠርግለታል እንጂ አያከራየውም፣ አይሸጠውም። ለምን እንደሆነ ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ሚስቱ ኸይራት ግን ታውቃለች፤ የበረንዳው ሰው ሁሉ ያውቃል። ጁማና እንድትቀመጥበት ነው።

«ታዲያ ለምን አይነግራትም?» ትሉ ይሆናል። ይማምን ስለማታውቁት ነዋ! ይማም ደንበኛ አጭር ጨርቅ ይዞ ሲመጣ «አይበቃም» ማለት የሚያፍር ሰው ነው። ከራሱ ቁራጭ ቀጥሎ ይሰፋለታል እንጂ ሰው ፊት ክፉ ቃል አይወጣውም። ልጁንማ እንዴት አድርጎ «የኔን ሥራ ያዢልኝ» ይበላት? አፉ እሺ አይለውም።

ስለዚህ መጀመሪያ የተሰማው የእናትየው ሐሳብ ሆነ። የቴክኒክና ሙያ ምዝገባ ሊዘጋ ገና ጊዜ አለው። እስከዚያ ልጅቱ እየገባች እየወጣች ትሞክርና የሚሆናትን ትምረጥ ተባለ። ምዝገባው ካለፋት ዓመቱን ሙሉ ቤት ልትቀመጥ ነው። ቤት የተቀመጠች ቆንጆ ልጅ ዘንድ ደግሞ ሽማግሌ መላኩ አይቀርም። ኸይራት ራሷ እንዲያ ሆና ነው ያገባችው። በባሏ ባትከፋም ለልጇ አልፈለገችውም።

«ፀጉር ቤት ትግባ» አለች። «ይርጋነሽን አናግሬያታለሁ።»

«እሺ» አለች ጁማና።

የይርጋነሽ ፀጉር ቤት የሞጣ ሙሽራ ሁሉ የሚያልፍበት ቤት ነው። ጁማና ገባች። ማጠብ፣ መጠቅለል፣ ማቀበል፤ እጇ ላይ እንከን አልተገኘባትም። ዝም ማለቷ ነው ያስቸገረው። ፀጉር ቤት ውስጥ ማን አገባ፣ ማን ተፋታ፣ ማን መኪና ገዛ ይባላል። ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ ማሞገስ አለ። ፀጉሩ ቢያምርም ባያምርም «ወይኔ ስታምሪ!» ማለት ግዴታ ነው። አንዷ ሙሽራ መስታወት ፊት ተቀምጣ «ያምርብኛል?» ብላ ጠየቀቻት። ጁማና ቶሎ መመለስ አቃታት። እያየች ታስባለች፣ ታስባለች፣ ታስባለች። ሙሽራዋ ዝምታውን በገባት መንገድ ተረጎመችውና እዬዬ አለች። ሚዜዎቿ ተንጫጩ። የተሠራው ፀጉር ተፈትቶ እንደገና ተጀመረ፤ ሙሽራው በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

በማግሥቱ ደግሞ ሌላ ጉድ ፈላ። ካስኩ፣ ያ ጭንቅላት ላይ የሚደፋው ማድረቂያ፣ ድምፁ አላማራትም። ደንበኛዋን ከነእርጥብ ፀጉሯ አስነስታ ካቻቪቴ አምጥታ ፈታታችው። ይርጋነሽ ከገበያ ስትመለስ ካስኩ ወለል ላይ ተበታትኖ፣ ሴትዮዋ በፎጣ ተጠቅልላ፣ ጁማና በሆዷ ተኝታ ብሎን ስትቆጥር አገኘቻት።

«ኸይራቴ» አለች ይርጋነሽ ማታውን ቤት ድረስ መጥታ፣ «ልጅሽ እጇ ይባረክ። ግን ፀጉር ቤት በእጅ ብቻ አይሠራም። እኔ ቀኑን ሙሉ የምሸጠው ጨዋታና ሙገሳ ነው፤ ፀጉሩ ምርቃት ነው። እሷ ይሄ አልተሰጣትም፤ አትቀየሚኝ።»

«ኧረ ምን በወጣሽ!»

«ካስኩስ እንደ አዲስ ነው የሚሠራው» አለች ይርጋነሽ በር ላይ ስትደርስ። ይህን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

ቀጥሎ የአጎቷ ተራ ሆነ። የይማም ታናሽ ወንድም አብዱልሐኪም ቢቸና ላይ የጨርቅ ሱቅ አለው። ከልጅነቱ ጀምሮ ምላሱ ማር ነው፤ የማይፈልጉትን ጨርቅ አስገዝቶ የሚያስመርቅ ሰው ነው። «ላኳት፤ ነጋዴ አደርጋታለሁ» አለ። ጁማና «እሺ» ብላ ልብሷን በፌስታል ይዛ ሚኒባስ ተሳፈረች።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ስልክ ደወለ።

«ጋሼ፣ ልጅህን እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የማያት። ግን እሷ ነጋዴ ከሆነች እኔም ፓይለት ነኝ።»

«ምን አደረገች?»

«እሺ ትላለች!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢቸና ገበያ ገዢው መጀመሪያ የሚጠራው ዋጋ ለወጉ ያህል ነው። ሻጩ ይስቃል፣ ይምላል፣ ጨርቁን መልሶ ያጥፋል። ገዢው ተቆጥቶ ይወጣል፣ ይጠራል፣ እየተግደረደረ ይመለሳል። በመጨረሻ ሁለቱም አሸነፍኩ ብለው ይለያያሉ። ጁማና ግን ገና የመጀመሪያውን ዋጋ ሲጠሩላት «እሺ» ትልና ጨርቁን ለመቁረጥ መቀስ ታነሳለች። አንዲት ከሉማሜ የመጣች ሴት በድንጋጤ እጇን ያዘቻት። «ቆይ ቆይ! ምነው ቶሎ እሺ አልሽ? ጨርቁ ምን ሆኗል?» ብላ ወደ ፀሐይ አውጥታ ገለባበጠችው፣ አሸተተችው፣ ምንም ስታጣበት ጭራሽ ጠረጠረችና ጥላው ሄደች። ወሬው በገበያው ተዛመተ። «አብዱልሐኪም የተበላሸ ጨርቅ አምጥቶ በልጅ ያሸጣል» ተባለ።

«ሌላም ነገር አለ ጋሼ» አለ አብዱልሐኪም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ምሳ ሰዓት ትጠፋለች። ስትመለስ ዱቄት ለብሳ ነው። ከፊት ለፊቴ ካለው ወፍጮ ቤት ነው የምትውለው አሉ።»

ይማም ስልኩን ዘግቶ ለኸይራት ሲነግራት ኸይራት እጇን አናቷ ላይ ጫነች። «ወንድ ነው! ያ ረቢ፣ ወፍጮ ቤት ውስጥ ወንድ አለ!» ይማም ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። በጠዋት ሚኒባስ ይዞ፣ ደብረ ወርቅን አልፎ፣ ቢቸና ወርዶ በቀጥታ ወፍጮ ቤቱ ገባ። የወፍጮው ባለቤት ታዘበው ሽበታቸው በዱቄት ላይ ዱቄት የሆነ ሽማግሌ ናቸው። ሌላ ወንድ የለም። ጁማና ወፍጮው ሥር ቁጢጥ ብላ የሚሽከረከረውን ቺንጋ፣ ያን የጎማ ቀበቶ፣ ታያለች፤ እሳቸው ከጩኸቱ በላይ እየጮኹ አንድ ነገር ያስረዷታል። ይማም እፎይ አለ። እፎይታው ከመብዛቱ የተነሳ እዚያ ምን እንደምትሠራ ሳይጠይቃት ወጣ። ያኔ ቢጠይቃት ኖሮ እኔም ይህን ሁሉ ባልለፈለፍኩ ነበር። አልጠየቀም፤ ወንድ አለመኖሩ በቃው።

አብረው ወደ ሞጣ ሲመለሱ ይማም መስኮት መስኮቱን እያየ፣ ነገሩ ገና አሁን ትዝ ያለው አስመስሎ፣ «እንግዲህ እኔ ጋም ሞክሪዋ» አለ።

«እሺ አባ» አለች።

ልቡ ቅቤ ጠጣ።

ጁማና በአያቷ መኪና ላይ በተቀመጠች ቀን ይማም የሠርግ ቤት ያለ መሰለው። ገና ከመቀመጧ መኪናውን እስከ ሆዱ ፈታታችው፤ ጠረገችው፣ ዘይት አጠጣችው፣ መልሳ ገጠመችው። ስንት ዘመን ድምፁ ያልተሰማ መኪና እንደ ውኃ ሄደ። ይማም ያለው የሚባለውን የጎኑን ሰፊ በክርኑ ጎሸም አደረገው። «አየህ መኪናውን እንዴት እንደምትወደው? ይሄ በደም የሚመጣ ነገር ነው!»

«ማሻአላህ በል» አለ ያለው። እሱ ክርስቲያን ነው፤ ግን በረንዳው ላይ ሁሉም የሁሉንም አፍ ለምዷል።

ስፌቷን ግን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ጥሩ አድርጋ ትጀምርና መሀል ላይ ስትደርስ ወደ ጎን ትሄዳለች። ዚፕ ስትገጥም ይጨማደዳል። ዓይኗ ጨርቁ ላይ አይደለም፤ የመኪናው ክንድ ሲወጣና ሲወርድ ታያለች፣ ጆሮዋን ወደሱ ታዘነብላለች፣ ጨርቁ በራሱ ጊዜ ይጓዛል። ይማም በመጀመሪያው ማታ የሠራችውን የትምህርት ቤት ቀሚስ አንስቶ ሲያየው ጠርዙ ጠማማ ነው።

የገዛ አባቱ ሙያውን ያስተማረው በእንጨት ማስመሪያ ጣቱን እየመታ ነበር። ይማም እንዲያ ላያደርግ ምሎ ነው የወለደው። ደግሞስ ልጅቱ ውጤቷ ከመጣ ወዲህ ገና አሁን ነው ቀና ያለችው። «እንዴት ነው አባ?» ስትለው «በጣም ጥሩ ነው» አለ። በማግሥቱ ከሱብሒ ሶላት ሲመለስ ወደ ቤቱ አልሄደም፤ በቀጥታ በረንዳው መጣ፣ ቀሚሱን ተርትሮ እንደገና ሰፋው፣ አጥፎ እንደነበረ አስቀመጠው። ጁማና ስትመጣ ሻይ እየጠጣ ነበር። ደንበኛዋ መጥታ «እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ» አለቻት።

አንድ ጊዜ ብቻ ሊያደርገው ነበር ያሰበው። ግን ነገም ሌላ ልብስ አለ፤ ከነገ ወዲያም አለ። ቁርሱን መብላት ተወ። ኸይራት «ምነው እንዲህ ማልደህ?» ስትለው «ሥራ በዛ» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ሥራ እጥፍ ሆኖበታል። ማታ ማታ ጁማና የሰፋችውን፣ ጠዋት ጠዋት ይማም ይተረትረዋል። የተናገረውም ሐሰት ለሰው መልካም ለማድረግ ስለሆነ አልከበደውም። እንዲያውም በሕይወቱ እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎት አያውቅም። ምሳ አብረው ይበላሉ፤ ያ ዝምተኛ ልጅ እየሰፋች ታንጎራጉራለች። የሌሎቹ ሰፊዎች መኪና ክር ሲበጥስባቸው «ጁማናን ላክልን» ይላሉ፤ ካቻቪቴዋን ይዛ ትሄዳለች። ይማም ደረቱን ይነፋል። በስፌቷ ያከበሯት መስሎታል።

«ምዝገባው ሲደርስ ልብስ ስፌት ትገባለች» አለ ለሁሉም። «እዚሁ ሞጣ ትማራለች፤ ከሰዓት ከኔ ጋር ትሠራለች።»

«ነው እንዴ ጁማና?» አላት ያለው።

«እሺ» አለች።

ጥያቄው እሺ የሚያሰኝ አልነበረም። ያም ሆኖ ማንም ልብ አላለውም።

ምዝገባው ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው የኸይራት ዘመድ ጉንደ ወይን ላይ አረፈ። ይማም ከሱብሒ በፊት ከለቀስተኛው ጋር ተሳፈረ፤ ለቅሶ ደግሞ ተደርሶ ወዲያው አይመለሱበትም። በረንዳው ላይ የእትዬ ስንቄ ቀሚስ ተሰፍቶ ነበር፣ በጁማና እጅ። የሚተረትረው ሰው አልነበረም። እትዬ ስንቄ መጥተው በችኮላ ይዘውት ሄዱ።

እትዬ ስንቄ የሰፈሩ እድር ሰብሳቢ ናቸው። ያዩትን ከመናገር አፋቸው አይመለስም። ሰኞ ጠዋት ይማም ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል ቀሚሱን ጠቅልለው መጡና መኪናው ላይ ወረወሩለት። ደግነቱ ጁማና ከበረንዳው ወዲያ ጫፍ የአንዱን መኪና ልትጠግን ሄዳ ነበር።

«በልጄ ሠርግ!» አሉ። «በልጄ ሠርግ ላይ እጄን ሳላነሳ ተመለስኩ! ‹እናት ይጨፍሩ› ሲሉኝ እንደ ወታደር ቀጥ ብዬ ቆምኩ! የሙሽሪት ዘመዶች ኮራችብን ብለው ሊቀየሙኝ!»

ይማም ቀሚሱን ዘረጋው። የቀኙ እጅጌ በግራ፣ የግራው በቀኝ ተገጥሟል።

«ጥፋቱ የኔ ነው እትዬ። ዓይኔ ደክሟል።»

እትዬ ስንቄ ጠጋ አሉት። ድምፃቸው ሲወርድ ደግሞ ይብስ ያስፈራል።

«የልጆቼን ዩኒፎርም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የሰፋኸው አንተ ነህ። ያንተን እጅ በጨለማ ዳብሼ አውቀዋለሁ። ይሄ የልጅቱ ነው። እስከ ዛሬ በሷ ስም የወጣው ደግሞ ያንተ ነው፤ አይደለም በለኝ እስቲ?»

ይማም የቀሚሱን እጅጌ አገላበጠ።

«ትወዳታለህ። ማን ክፉ ነው አለህ? ግን ነገ ዓይንህ እውነትም ሲደክም፣ ማን ማልዶ ይተረትርላታል? የምትችል መስሏት ዕድሜዋን ልትጨርስ ነው እኮ! በል አሁን እጅጌውን አስተካክልልኝ፤ ባለፈው አልቆጣም።»

ሄዱ። ይማም እጅጌውን ሲፈታ መርፌ ጣቱን ወጋው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሁሉን ለልጁ ሲል ያደረገው መስሎት ነበር። አሁን ግን ግማሹ ለራሱ እንደነበረ ታየው። ከጎኑ እንድትቀመጥለት ፈልጎ ነው፤ የአባቱ መኪና ባዶ እንዳይሆን ፈልጎ ነው። አፈረ።

ሊነግራት ቆረጠ። መቁረጡንስ ቆረጠ፤ መናገሩ ነው እንጂ። «ጁማና» ይላታል። «አቤት አባ» ስትለው «ሻይ አዘዝሽ?» ይላል። ማክሰኞ ሻይ አዘዘች፣ ረቡዕም ሻይ አዘዘች። ሐሙስ የምዝገባው መጨረሻ ቀን ደረሰ። ሁለቱ ጎን ለጎን ወደ ማሠልጠኛው ሲሄዱ ይማም መንገዱን ሙሉ አፉን እየከፈተ ዘጋ።

ሰልፉ ረጅም ነበር። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ መዝጋቢው ወጣት ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ «ዘርፍ?» አለ።

«ልብስ ስፌት» አለች ጁማና።

«አትችልም!»

ድምፁ ከየት እንደወጣ ይማም ራሱ አያውቅም። ሰልፈኛው ሁሉ ዞረ። መዝጋቢው አሁን ቀና አለ።

«ልጄ መስፋት አትችልም!» አለ ይማም እንደገና፤ ከጀመረው አይቀር ብሎ ይሁን ወይ መቆም አቅቶት እንጃ። «አትመዝግባት!»

«አባቴ፣ እኛ እኮ የምናስተምረው ለማይችል ነው» አለ መዝጋቢው እየሳቀ። ሰልፈኛውም ሳቀ።

«ለሚፈልግ ነው! እሷ ይሄን አትፈልገውም።» እዚህ ላይ ድምፁ ተሰበረ። «ምን እንደምትፈልግ ደግሞ… ጠይቄያት አላውቅም።»

ጁማና ከሰልፉ ወጥታ ሄደች። ይማም ተከተላት። ግቢው ውስጥ ካለው ጥድ ሥር ስትደርስ ቆመች። ሻርፗን ወደ ፊቷ ስባው ስለነበር ታልቅስ ትሳቅ አይታወቅም።

«ሰው ፊት አዋረድኩሽ» አለ።

«አባ፣ አውቄያለሁ እኮ።»

«ምኑን?»

«ሲተረትሩት። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ። ስሰፋው ይጣመማል፤ ጠዋት ስመጣ ቀጥ ብሎ አገኘዋለሁ። ማን ሊያቃናው ይችላል ከእርስዎ በቀር?»

ይማም ከጥዱ ሥር ተቀመጠ። «ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ደስ ብሎዎት ነበራ። እንደዚያ ሰሞን ሲስቁ አይቼ አላውቅም። አልችልም ብዬ ብነሳ መኪናው መልሶ ባዶ ሊሆን። እንዴት አድርጌ ልንገርዎት?»

አሁን ይህን ምን ትሉታላችሁ! አባት ልጁ እንዳትከፋ ይተረትራል፤ ልጅ አባቷ እንዳይከፋ እንዳላየ ሆና ትሰፋለች። ሲተዛዘኑ ሲተዛዘኑ ልጅቱ ዕድሜ ልኳን የማትወደው ወንበር ላይ ልትቀር ነበር። እኛ ሰዎች ስንባል ይሉኝታ ነው የሚገድለን እንጂ ሌላ በሽታ የለብንም።

«እሺ አሁን ልጠይቅሽ» አለ ይማም። «አንቺ ምን ትወጃለሽ?»

ጁማና ከጎኑ ተቀመጠች። ከዚያ ያ ዝምተኛ አፍ ተከፈተ፤ ተከፍቶም አልዘጋ አለ።

«መኪናውን ነው አባ፣ ልብሱን አይደለም። የይርጋነሽ ካስክ ምን እንደሆነ ያውቃሉ? ውስጡ ፀጉር ሞልቶ ነው መዞር ያቃተው። የአቶ ታዘበው ወፍጮ ቺንጋው ሲላላ ድምፁ ይለወጣል፤ ሰው ሁሉ ያው ጩኸት ነው የሚሰማው፣ እኔ የቱ ጋ እንደታመመ ይሰማኛል። እሳቸውም ‹ይሄ ጆሮ ለሁሉ አይሰጥም› አሉኝ። ቢቸና የማሽን ጥገና ትምህርት አለ አሉኝ። እዚያ የሚዘጋው ነገ ነው። ግን…»

«ግን ምን?»

«ቢቸና ነው፣ አባ።»

ቢቸና ከሆነ ከአጎቷ ቤት ልትኖር ነው። ምሳውን ብቻውን ሊበላ ነው። ይህን ለመረዳት ይማም ብዙ ማሰብ አላስፈለገውም። ቢሆንም ተነስቶ ከሱሪው ላይ አቧራውን አራገፈ።

«ተነሽ» አለ። «እናትሽን በስልክ እንነግራታለን። ሚኒባሱ ሳይሞላ እንድረስ።»

ቢቸና እንደደረሱ አብዱልሐኪም ነገሩን ሲሰማ ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ ሳቀ። «ቤቴ ቤቷ ነው! ሱቄ ብቻ እንዳትገባብኝ!» አለ። በማግሥቱ ጠዋት የማሽን ጥገናው መምህር «እስከ ዛሬ ምን ፈትተሽ ገጥመሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ ጠየቃት። ጁማና ጀመረች። መምህሩ መጀመሪያ ቆሞ ይሰማ ነበር፣ በኋላ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ይማም በር ላይ ቆሞ ልጁ ስታወራ ሰማ። ከምትላቸው ነገሮች ብዙዎቹ አልገቡትም። አልገቡትም፤ ግን እስክትጨርስ ከበሩ አልተነቃነቀም።

ከሰዓት በኋላ መናኸሪያ ሸኘችው። ረዳቱ «ሞጣ! ሞጣ! አንድ ሰው!» ይላል።

«አባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት? አይቆጡም?»

«ከእንግዲህ ምን እቆጣለሁ።»

«ጠዋት ሥራ ሲጀምሩ መጀመሪያ የሚያጠብቋት ብሎን አለች አይደል? ክሩን የምትወጥረው።»

«አለች። እሷን ካላጠበቅኋት ስፌቱ ይላላል።»

«አይላላም። ከመጠን በላይ ነው የሚያጠብቋት፤ ክር ያስበጥሳል። ሻይ ሊጠጡ ሲነሱ እኔ አላላታለሁ። ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ፣ ከትምህርት ቤት በፊት እየመጣሁ።»

ይማም ሁለት ጣቶቹን አየ። በዚህ ሁሉ ዓመት መኪናው ክር የማይበጥሰው በራሱ እጅ ጥበብ መስሎት ነበር። ለስንቱ አውርቷል! ለያለው ሳይቀር ምክር ሰጥቷል!

«ታዲያ ለምን…» ብሎ ጀመረና ፊቷን አይቶ ተወው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሳቁ። የሳቁ ብዛት ረዳቱ እንኳ መጥራቱን አቁሞ አያቸው።

«አሁን እኔ የለሁም» አለች ጁማና ዓይኗን እየጠረገች። «ይኸው፣ ይማሯት።» አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ይዛ አንድ ላይ ገጠመቻቸውና ወደ ግራ በቀስታ፣ በጣም ጥቂት፣ አዞረቻቸው። «ይህን ታህል ብቻ። ከዚህ አይለፉ።»

«ይህን ታህል?»

«ትንሽ ይቀንሱ። አዎ፣ እንዲያ።»

ሚኒባሱ ተነሳ። ይማም መስኮት ዳር ተቀምጦ ከዓይኑ እስክትሰወር አያት፤ ከዚያ ወደ ፊት ዞረ። ጎኑ የተቀመጡት ሰውዬ ይሄ ሰው ምን ሆኗል ብለው ደጋግመው ገረመሙት። እሱ ግን እስከ ሞጣ ድረስ፣ እንዳይረሳው ብሎ፣ አየር ላይ ያለች ብሎን በሁለት ጣቱ ቀስ እያደረገ ሲያላላ ሄደ።